መብራት ሄዶ ዳታቤዙ አልከፈት ላለው የመድኃኒት ቤት

ሰላም ወንድሜ። የመድኃኒት ቤቱ የሽያጭ ሲስተም ዛምፕ (ዌብ ሰርቨርና ዳታቤዝ አንድ ላይ የሚጭነው ፕሮግራም) ላይ ነው ያለው ብለሃል። መብራት ድንገት ሄደ፣ ሲመለስ ማይኤስኪውኤል፣ ማለትም የዳታቤዙ ሰርቨር፣ አልነሳም አለ። ዩቲዩብ አይተህ «ዳታ» የሚለውን ፎልደር ስም ቀየርክ፣ በቦታው «ባክአፕ» የሚለውን ገለበጥክ፣ ከዚያ የሲስተሙን ፎልደር ብቻ መለስክ። አሁን ሰርቨሩ ይነሳል፣ የቴብሎቹም (የመረጃ ሰንጠረዦቹ) ስም ይታያል። ስትከፍታቸው ግን ስህተት 1932 ይልሃል፤ ቴብሉ ኢንጂኑ ውስጥ የለም ማለቱ ነው።

ስሙን የቀየርከውን ፎልደር ካልሰረዝከው ዳታው ሳይኖር አይቀርም። እንዲህ ዓይነት ማሽን ብዙ ጊዜ ይመጣልኛል። መብራቱ ካደረሰው ጉዳት ይልቅ ከዚያ በኋላ የተነካካው ነው የሚያስቸግረኝ።

ስለዚህ ሰርቨሩን አጥፋ። የድሮውን ፎልደር እንዳለ ሌላ ዲስክ ላይ ኮፒ አድርግ። ከዚህ በኋላ የምትሞክረው ሁሉ በኮፒው ላይ ይሁን።

የሆነው ይሄ ነው። በኢኖዲቢ (ዳታውን ዲስክ ላይ በሚያስቀምጠው የሰርቨሩ ኢንጂን) ሽያጮችህ ያሉት በሲስተምህ ፎልደር ውስጥ፣ መጨረሻቸው አይቢዲ በሆኑ ፋይሎች ነው። የትኛው ቴብል የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ግን ከፎልደርህ ውጭ ያለው አይቢዳታ1 ነው። አንተ ዕቃውን አዲስ መጋዘን አስገብተህ መዝገቡን አሮጌው ውስጥ ትተኸዋል። ስሞቹ የሚታዩህ የቴብሎቹን አወቃቀር የያዙት ኤፍአርኤም የሚባሉት ፋይሎች አብረው ስለመጡ ብቻ ነው።

መፍትሔው አይቢዳታ1ን ብቻ ነጥሎ ማምጣት አይደለም። አይቢ ሎግፋይል ብለው የሚጀምሩት የኢኖዲቢ የሎግ ፋይሎችም የዚያው ቀን መሆን አለባቸው፤ ካልተስማሙ ሰርቨሩ ላይነሳ ይችላል። የድሮውን ፎልደር ኮፒ ሙሉውን አስገባና አስነሳ። እምቢ ካለ የሰርቨሩ ማስተካከያ ፋይል በሆነው ማይ ዶት አይኤንአይ ውስጥ፣ ማይኤስኪውኤልዲ በሚለው ክፍል ሥር፣ ኢኖዲቢ ፎርስ ሪከቨሪን (ጉዳት እያለም ሰርቨሩን በግድ የሚያስነሳውን) 1 አድርገው። ካልሆነ 2፣ ከዚያ 3። ከ4 ጀምሮ ያሉት ፋይሎቹን ለዘለቄታው ሊያበላሹ ይችላሉ። አንዳንዱ በቀጥታ 6 ላይ ይዘላል፤ ተው።

እንደተነሳልህ ሽያጭ አትጀምርበት። ሁሉንም በማይኤስኪውኤል ደምፕ (ዳታውን ወደ ኤስኪውኤል ፋይል በሚገለብጠው መሣሪያ) አውጣና አዲስ በተጫነ ሰርቨር ላይ መልሰው።

አይቢዳታ1 ጨርሶ ከጠፋ ሥራው ይረዝማል። ቴብሉን በዚያው አወቃቀር ባዶውን ትፈጥራለህ፣ ባዶውን አይቢዲ እንዲለቅ ዲስካርድ ቴብልስፔስ ትለዋለህ፣ የድሮውን አይቢዲ ታስገባለህ፣ ከዚያ እንዲቀበለው ኢምፖርት ቴብልስፔስ። የሲስተሙ ኢንስቶለር ኤስኪውኤል ፋይል ካለው አወቃቀሩን ከዚያ ታገኘዋለህ።

ዛምፕ ማይኤስኪውኤል ቢለውም ውስጡ ያለው ከሱ የተወለደው ማሪያዲቢ ነው፣ እያንዳንዱን ለውጥ የሚመዘግበው ባይነሪ ሎግ ደግሞ ካልከፈትከው አይሠራም። ስለዚህ «ከመብራቱ በፊት ወደነበረው ደቂቃ መልሰው» የሚሉህን እርሳቸው።

ለወደፊቱ ማታ ማታ ደምፕ የሚያወጣ ነገር የዊንዶውስ ታስክ ስኬጁለር ላይ አስቀምጥ፣ ፋይሉም ከዚያ ማሽን ይውጣ። አልፎ አልፎ ደግሞ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሰህ ክፈተው። በ2017 (እ.ኤ.አ.) ጊትላብ የሚባለውን የፕሮግራመሮች ድረገጽ ኩባንያ አንድ ሠራተኛ ዋናውን ዳታቤዝ በስህተት ሲያጠፋባቸው አሉን ያሏቸው ባክአፖች ሲታዩ አልሠሩም። ያወጣቸው ከመጥፋቱ 6 ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ በአጋጣሚ የተወሰደ ኮፒ ነው። ዩፒኤስም (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆይ) ግዛ፣ ርካሹም ቢሆን ሰርቨሩን በሥርዓት ለማጥፋት ይበቃል።

አሁን ከድሮው ፎልደር ውስጥ ማይኤስኪውኤል ኤረር ሎግ የሚለውን ክፈትና የመጨረሻዎቹን መስመሮች እዚህ ለጥፍልን። ፎርስ ሪከቨሪን ከ1 መጀመር ያስፈልግህ እንደሆነ ከዚያ ይታያል።