በስብ የተጠቀለለው መድኃኒት

ጥያቄ፦ ወንድሜ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ካላዛር ይዞት መጣ። በደም ሥር የሚሰጥ ቢጫ መድኃኒት ታዘዘለት፣ «በስብ የተጠቀለለ ነው፣ ሙቀት እንዳይነካው» አሉን። ስቡ ምን ይሠራል? የእኛን ሙቀት መቼም ታውቁታላችሁ! (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አብሽር። መድኃኒቱ አምፎቴሪሲን ቢ ነው። ካላዛርን የሚያመጣውን ጥቃቅን ተውሳክ ይገድላል፣ ግን እንዲሁ ሲሰጥ ኩላሊትን ክፉኛ ይጎዳል። ስለዚህ ከ100 ናኖሜትር (አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው) ባነሰች የስብ ከረጢት ውስጥ ያስገቡታል፤ ሊፖሶም ትባላለች። ደስ የሚለው ነገር ምን መሰለህ፣ ጉበትና ጣፊያ ውስጥ ባዕድ ነገር ያገኙ እንደሆነ የሚውጡ ሴሎች አሉ፣ የካላዛር ተውሳክም የሚደበቀው እነሱው ውስጥ ነው፣ እና ከረጢቷን ሲውጧት መድኃኒቱ በቀጥታ ጠላቱ ቤት ይገባል። ኩላሊት በአብዛኛው ይተርፋል። በአብዛኛው ነው ያልኩት፣ የኩላሊት ምርመራውን እንዳትዘሉ።

ወደ ሙቀቱ ስንመጣ፣ ያልተከፈተው ብልቃጥ ከ25 ዲግሪ በላይ መቀመጥ የለበትም። ከፋርማሲ ወስደህ ባጃጅ ውስጥ ፀሐይ ላይ አታቁመው። «እንግዲያው ፍሪዘር ይግባ» የሚልም አይጠፋም፤ በፍጹም! በረዶ ከሠራ ከረጢቷ ልትጎዳ፣ መድኃኒቱም ሊያመልጥ ይችላል። የሚበጠበጠው ደግሞ ለመርፌ በተዘጋጀ ውሃ፣ የሚቀጥነው በ5 ፐርሰንት ግሉኮስ ነው፤ ጨው ያለበት ፈሳሽ ከነካው ይዘቅጣል። እሱን ለነርሶቹ ተውላቸው።