ከፊሽካው በኋላ ያሉት ሦስት ሰከንዶች

ይድረስ በሜልበርን፣ በፉትስክሬይና በሰንሻይን፣ በፍሌሚንግተንና በኖርዝ ሜልበርን ለምትኖሩ፣ ቅዳሜና እሁድ ማልያ ለብሳችሁ ለምትሮጡ ወይም አጥር ተደግፋችሁ ለምትጮኹ ልጆች፤

እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ፉቲ፣ ማለትም ስለ አውስትራሊያ እግር ኳስ፣ ዳኛ ነው። ርግጫውን፣ ሩጫውን፣ ኳስ አያያዙን የሚያስተምር አሰልጣኝ ሞልቷል። ፊሽካ ከተነፋ በኋላ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ግን በልምምድ ቀን የሚያሠራችሁ እምብዛም የለም። ጨዋታ የሚበላሸው ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

ወላጆቻችሁ የሚያውቁት ኳስ ክቡን ነው፤ አንድ የመሐል ዳኛ፣ ሁለት የመስመር ዳኛ፣ ቢጫና ቀይ ካርድ። ፉቲ ሌላ ነገር ነው። በዋናው ሊግ፣ በኤኤፍኤል፣ ከ2023 ጀምሮ አራት የሜዳ ዳኞች፣ አራት የድንበር ዳኞችና ሁለት የጎል ዳኞች ይሰለፋሉ። አሥር ሰው ሲባል የበዛ ይመስላል። ሞላላው ሜዳ ግን ርዝመቱ ከ135 እስከ 185 ሜትር፣ ወርዱ ከ110 እስከ 155 ሜትር ይደርሳል። ኦፍሳይድ የሚባል ነገር ስለሌለ 36ቱም ተጫዋቾች እንደፈለጉ ይንቀሳቀሳሉ፤ ኳሱም ሞላላ ስለሆነ መሬት ሲነካ ወዴት እንደሚነጥር አይታወቅም። በሰፈር ውድድር ደግሞ ያ ሁሉ ዳኛ የለም። የሜዳ ዳኞቹ አንድ ወይም ሁለት ናቸው፤ ባንዲራውን ይዞ ጎል ላይ የሚቆመውም ብዙ ጊዜ ክለቡ የመደበው የአንዱ ልጅ አባት ነው።

ደንቡ መጀመሪያ የተጻፈው እዚያው ሜልበርን ውስጥ በ1859 ነው። ያኔ ገለልተኛ ዳኛ ግዴታ አልነበረም፤ ዳኛ ካልተሰየመ የሁለቱ ቡድን አምበሎች ይፈርዱ ነበር። እስቲ ዛሬ የእናንተና የተጋጣሚያችሁ አምበል ተነጋግረው ይወስኑ ቢባል፣ ስንት ደቂቃ እንደምትጫወቱ አስቡት።

ሰው ሁሉ የሚጣላበትን ውሳኔ እንመልከት። ኳስ የያዘ ተጫዋች ሲታቀፍ ደጋፊው በአንድ ድምፅ «ቦል!» ይላል፤ ኳሱን ይዞ ቀርቷልና ይቀጣ ማለቱ ነው። ዳኛው ግን በዚያች አንዲት ሰከንድ ቢያንስ አራት ጥያቄ መመለስ አለበት። አንደኛ፣ ታክሉ (አቅፎ መያዙ) ሕጋዊ ነው ወይ? ከትከሻ በታች፣ ከጉልበት በላይ መሆን አለበት፤ ከኋላ መግፋትም የለበትም። ሁለተኛ፣ ኳሱን የያዘው ልጅ ከመታቀፉ በፊት ኳሱን ለመልቀቅ ዕድል ነበረው ወይ? ሚዛኑን ጠብቆ ተረጋግቶ፣ ተከላካዩን በእጁ ገፍቶ ወይም አታልሎ ለማለፍ ሞክሮ ከሆነ ዕድል ነበረው ማለት ነው፤ ስለዚህ ወዲያውኑ በትክክል መልቀቅ አለበት፣ ካልለቀቀ ይቀጣል። ሦስተኛ፣ ዕድል ካልነበረው ለመልቀቅ ከልቡ ሞክሯል ወይ? ሞክሮ ኳሱ ሰውነቱ ላይ ከተጣበቀበት ቅጣት የለም፤ ዳኛው ጨዋታውን አቁሞ ኳሱን ወደ ላይ ይወረውራል። አራተኛ፣ የለቀቀው በትክክል ነው ወይ? በእግር መምታት ወይም በአንድ እጅ ይዞ በሌላው ጡጫ መምታት ይፈቀዳል፤ መወርወር ግን አይፈቀድም።

አሁን ራሳችሁን ሰባ ሜትር ርቃችሁ አጥር ላይ አስቀምጡ፤ መሐል ላይ ስድስት ጀርባ ከልሏችኋል። ሁለተኛውን ጥያቄ እንኳ ከዚያ ሆኖ በእርግጠኝነት መመለስ አይቻልም። ዳኛው ደግሞ አሥር ሜትር ላይ ቆሞም የሚያየው ከአንድ ማዕዘን ነው። ታክሉ የሆነው በወዲያኛው በኩል ከሆነ የማያየው ነገር ይኖራል። ያላየውን አይፈርድም፣ መፍረድም የለበትም። «እንዴት አላየህም!» የሚለው ጩኸት የማይረባው ለዚህ ነው።

ወደ ተጫዋቹ ልመለስ። ፊሽካ ተነፋ፣ ቅጣቱ በአንተ ላይ ነው። ከዚህ በኋላ ያሉት ሦስት ሰከንዶች የዳኛው አይደሉም፣ የአንተ ናቸው። መጀመሪያ እጅ፦ ሁለቱም ወደ ታች። ትከሻ ሰብቆ፣ መዳፍ ዘርግቶ «ምን አደረግኩ?» ማለት ልማድ ሆኖብናል፤ ሳናስበው ነው የሚወጣው። ቀጥሎ ኳሱ፦ እጅህ ላይ ካለ ለባለ ቅጣቱ በቀጥታ ስጠው። መሬት ላይ መጣል፣ በጭንቅላቱ ላይ አሳልፎ መወርወር፣ ጊዜ ለመግዛት ማንከባለል ሁሉ ያስቀጣል። ከዚያ እግር፦ ማርኩ (ቅጣት ምቱ የተሰጠበት ቦታ) ላይ የምትቆመው አንተ ከሆንክ ዳኛው «ስታንድ!» ሲል እንደ ቋሚ ድርቅ በል። ከ2021 ጀምሮ በዋናው ሊግ እዚያ ላይ ወደ ጎን መንቀሳቀስ ራሱ ቅጣት አለው። ማርኩ ላይ የምትቆመው አንተ ካልሆንክ ደግሞ ዞረህ የምትጠብቀውን ሰው ፈልግ፤ አንተ ከዳኛው ጋር ስትነጋገር እሱ ብቻውን ሠላሳ ሜትር ሮጧል።

ከፊሽካው በኋላ ለሚጠፋ ጥፋት ቅጣቱ ምቱን 50 ሜትር ወደ ጎላችሁ ማስጠጋት ነው፤ በታዳጊዎች ውድድር ብዙ ቦታ 25 ሜትር ይሆናል። ቁጥሩን በሜዳው ላይ አስቡት። ከጎል 65 ሜትር ርቆ ቅጣት ምት ያገኘ ተጫዋች ከዚያ ጎል የማግባት ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው፤ ኳሱን ለሌላ ያቀብላል። አንተ እጅህን ዘርግተህ ስትጨቃጨቅ ዳኛው ወደ 15 ሜትር ያመጣዋል። ከዚያ ርቀት ፊት ለፊት የማይመታ የለም፤ ስድስት ነጥብ። ያን ጎል ያገባባችሁ ባላጋራ አይደለም፣ የአንተ ክንድ ነው።

ይህ የተጋነነ እንዳይመስላችሁ። በ2022 ኤኤፍኤል በዳኛ ላይ የሚደረግ ተቃውሞን አጥብቆ መቅጣት ሲጀምር፣ እጅ መዘርጋት ብቻውን 50 ሜትር ያስከፈለባቸው ጨዋታዎች ነበሩ። በዚያ ሰሞን ብዙ ሰው ተቆጥቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም አተገባበሩ ጠበቅ ላላ ይላል። የሕጉ ሐሳብ ግን ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። በቴሌቪዥን እጁን የሚዘረጋውን ኮከብ የሚያየው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በማግሥቱ በሰፈር ሜዳ ያንኑ ይደግማል፤ እዚያ ፊሽካ የያዘው ደግሞ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነው።

ዳኛን መንካትማ ፈጽሞ አይሞከርም። የጃያንትስ ቡድን ተጫዋቹ ቶቢ ግሪን በ2021 የፍጻሜ ዙር ጨዋታ፣ ሦስተኛው ኳርተር (ከጨዋታው አራት ክፍሎች ሦስተኛው) ሲያልቅ ከዳኛው ጋር እየተከራከረ ተጠግቶ ነካው። ቡድኑ ያን ቀን ሲድኒን በአንድ ነጥብ አሸነፈ። የዲሲፕሊን ችሎቱ ለግሪን የሦስት ጨዋታ እገዳ ሰጠው፤ ሊጉ ይግባኝ ብሎ ስድስት አስደረገው። ጃያንትስ በሚቀጥለው ሳምንት ያለ እሱ ተጫውቶ ተሸነፈና ዓመቱ በዚያው አበቃ። ሰውየው ከዚያ በኋላ የቡድኑ አምበል ሆኗልና የመመለሻ መንገድ አለ፤ ያ ሳምንት ግን አይመለስም።

ታዲያ ዝም ብለን እንቀጣ ወይ ትሉኛላችሁ። አይደለም። መጠየቅ ይቻላል፣ ጊዜና አነጋገር አለው። ኳሱ ከሜዳ ወጥቶ የድንበር ዳኛው እስኪወረውር፣ ወይም ጎል ገብቶ ኳሱ ወደ መሐል እስኪመለስ ጠብቁ። ወይም ለአምበላችሁ ንገሩት። ጥያቄው አጭርና ስለሚቀጥለው ጊዜ ይሁን፦ «እዚያ ላይ ምን ማድረግ ነበረብኝ?» እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ የማይመልስ ዳኛ ጥቂት ነው፤ መልሱም ይጠቅማችኋል። «ዕድል ነበረህ» ካለህ በሚቀጥለው ጊዜ ቶሎ ትለቃለህ። አንድ ጊዜ ጠይቁና ተዉት። በማፌዝ ማጨብጨብ፣ ወደ ትልቁ ስክሪን መጠቆም፣ ዓይንን ማጉረጥረጥ ሁሉ እንደ ንግግር ይቆጠራል። ዳኛው አማርኛ አይሰማም ብላችሁ የምትሳደቡ ደግሞ ተዉ፤ ስድብ በየትኛውም ቋንቋ ከፊት ላይ ይነበባል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ለይታችሁ ያዙ። ተጋጣሚ ወይም ተመልካች ስለ ቆዳችሁ ቀለም ወይም ስለ ሃይማኖታችሁ ቢሰድባችሁ ዝምታ ጨዋነት አይደለም። ኤኤፍኤል የዘርና የሃይማኖት ስድብን የሚከለክል ደንብ ያወጣው በ1995 ነው፤ የሰፈር ሊጎችም አላቸው። መጀመሪያ የሚነገረው ለዳኛው ነው፣ እዚያው፣ ጨዋታው ሲቆም፦ የተሳደበው ስንት ቁጥር እንደለበሰ፣ ምን እንዳለ፣ የት እንደነበር። ከዚያ ለቡድን መሪያችሁ፤ የዚያኑ ዕለት ማታ ቃሉን እንዳለ በጽሑፍ አስፍሩ። ሙሉ ጨዋታውን ሲጮህበት የዋለ ቡድን በዚህች ሰዓት ዳኛው ቢሰላችበት አይገርምም። ጨዋታውን በጨዋነት የተጫወተ ልጅ ሲናገር ግን ይደመጣል።

ዳኛ መሳሳቱንም አልደብቃችሁም። ነሐሴ 2023 አደሌድ በሜዳው ከሲድኒ ጋር ሲጫወት በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ቤን ኪስ ጎል አገባ፤ የጎል ዳኛው ግን ኳሱ ቋሚውን ነክቷል ብሎ አንድ ነጥብ ብቻ ሰጠ። ቋሚ የነካ ኳስ ወደ ውስጥ ቢገባም ጎል አይባልምና። ዳኛው እርግጠኛ ስለነበር የቪዲዮ ምርመራ አልጠየቀም፣ ጨዋታውም ቀጠለ። አደሌድ በአንድ ነጥብ ተሸንፎ ከፍጻሜው ዙር ውጪ ሆነ። ኳሱ ቋሚውን አልነካም ነበር። ሊጉ ስህተቱን በአደባባይ አመነ፣ ዳኛውም የዚያን ዓመት ቀሪ ጨዋታዎች አልዳኘም፤ የቪዲዮ ምርመራ ክፍሉ ራሱ ጣልቃ የሚገባበት አሠራርም ተጠናከረ። ይህ ሁሉ የሆነው ቪዲዮ ታይቶ፣ በወጉ ነው። በዳኛ ላይ የሚጮህ ደጋፊ ያመጣው አንዳች ነገር የለም። እናንተም ቅሬታ ካላችሁ ኳርተሩን፣ ደቂቃውንና የሆነውን ጽፋችሁ በክለባችሁ በኩል ላኩ።

ለደጋፊዎች። በሰፈር ጨዋታ በኳርተሮች መሐል ተመልካች ሜዳ ገብቶ የአሰልጣኙን ምክር መስማቱ ደስ የሚል ልማድ ነው፤ ነገር ግን ዳኞቹ ወደተሰበሰቡበት አትጠጉ። ዳኛን የሚያጅብ ሰው እንዲመደብ የሚጠይቁ ሊጎች አሉ፤ ያን ሥራ ከተሰጣችሁ ከዳኛው ጎን ሂዱ፣ ስለ ውሳኔ ምንም አታንሡ፣ መልበሻ ክፍል በር ድረስ አድርሱት። የጎል ዳኛው ጀርባ ቆሞ ጎል እንዲሰጥ መጮህም ይቅር። ሁለት ጣት ከማውጣቱ በፊት የሜዳ ዳኛውን «ሁሉ ሰላም» የሚል ምልክት መጠበቅ አለበት፤ የዘገየው ለዚያ ነው። ወላጆቻችሁ ሕጉን ሳያውቁ የሚቆጡ ከሆነ ምልክቶቹን አስተምሯቸው፦ ሁለት እጅ ወደ ፊት ሲገፋ ከኋላ ገፍቷል፣ ትከሻውን መታ መታ ሲያደርግ አንገት ላይ ይዟል ማለት ነው። ሰው ምክንያቱን ሲያውቅ ድምፁ ይቀንሳል።

አሰልጣኝ የሆናችሁ ይህን አሠሩ፦ በልምምዱ የመጨረሻ 10 ደቂቃ ግጥሚያ አድርጉና ሆን ብላችሁ የተሳሳተ ፊሽካ ንፉ። እጁን የዘረጋ ወይም ኳሱን የጣለ ሁሉ 50 ሜትር ይቀጣ። በመጀመሪያው ሳምንት ይናደዳሉ፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ እጃቸው ሳያስቡት ወደ ታች ይወርዳል።

ከ1924 ጀምሮ ለዓመቱ ምርጥና ጨዋ ተጫዋች የሚሰጠው የብራውንሎ ሜዳሊያ ድምፅም የሚመጣው ከሜዳ ዳኞቹ ነው፤ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ብለው ይሰጣሉ። በዓመቱ ውስጥ የታገደ ተጫዋች አያሸንፍም። በ1997 የዌስተርን ቡልዶግሱ ክሪስ ግራንት ከሁሉ የበለጠ ድምፅ አግኝቶ በአንድ ጨዋታ እገዳ ምክንያት ሜዳሊያው ለሮበርት ሃርቪ ሄደ። የቡልዶግስ ሰዎች እስከ ዛሬ ያነሡታል።

ሊጉ በ2022 በሰፈር ውድድሮች በሺዎች የሚቆጠሩ ዳኞች እንደጎደሉት ተናግሯል። ዳኛ ከሌለ ጨዋታ ይሰረዛል፤ ስለዚህ ከእናንተ መሐል አንዳንዶቻችሁ ፊሽካውን ብትይዙት እወዳለሁ። ለወጣት የኪስ ገንዘብ የሚሆን ክፍያ አለው፣ ብዙ ሊጎችም ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉትን ያሠለጥናሉ። በድንበር ዳኝነት ጀምሩ። ለሜዳው ጀርባችሁን ትሰጣላችሁ፣ ኳሱን በሁለት እጅ ይዛችሁ ጉልበታችሁን አጠፍ ታደርጋላችሁ፣ ከዚያ በጭንቅላታችሁ ላይ ወደ ኋላ ትወረውራላችሁ። አሥራ አምስት ሜትር ያህል፣ ከፍ ብሎና ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት። መጀመሪያ ላይ ወደ ጎን ይሄድባችኋል፤ አንዱ ክንድ ከሌላው ስለሚበረታ ነው። የሜዳውን መስመር ተከትላችሁ በየቀኑ ሃያ ጊዜ ወርውሩ።