መዘግየት ለሚያስጨንቃችሁ ልጆቼ

ይድረስ ለተማሪዎቼና በእነሱ ዕድሜ ለምትገኙ ሁሉ፤

ከሠላሳ ዓመት በላይ ፍልስፍና አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ለምክር የሚመጡ ወጣቶች አሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስጨንቃቸው የዕድሜ ጉዳይ ነው፤ «ሠላሳ ሊሞላኝ ነው፣ እስካሁን ምንም አልሠራሁም» ይሉኛል። እኔም የጀርመናዊውን ፈላስፋ የአማኑኤል ካንትን ሕይወት አጫውታቸዋለሁ። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ካንት በ1724 ፕሩሲያ በተባለው የዚያን ዘመን የጀርመኖች መንግሥት፣ ኮኒግስበርግ በተባለች የወደብ ከተማ ተወለደ። አባቱ ለፈረስ የሚሆን የቆዳ ዕቃ እየሠራ የሚያድር ባለእጅ ነበር፤ እናቱ የሞተችው እሱ ገና 13 ዓመቱ ሳለ ነው። በ1740 ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ አባቱ በ1746 ከሞተ በኋላ ግን በየቤተሰቡ እየተቀመጠ ልጆቻቸውን በማስተማር በርካታ ዓመታት አሳለፈ። በ1755 ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመልሶ የማስተማር ፈቃድ ቢያገኝም ደመወዝ አልነበረውም፤ ገቢው ትምህርቱን ለመስማት ተማሪዎች የሚከፍሉት ገንዘብ ብቻ ስለነበር ሎጂክም፣ ሒሳብም፣ ጂኦግራፊም ያስተምር ነበር። በ1758 ለፕሮፌሰርነት አመልክቶ ቦታው ለሌላ ተሰጠ።

በ1764 የሥነ ግጥም ፕሮፌሰርነት ሲቀርብለት አልቀበልም ማለቱን ደግሞ አስቡት። ቋሚ ደመወዝ የሌለው፣ አርባ ዓመት የሞላው ሰው የተከበረ ወንበር የተወው ሙያዬ አይደለም ብሎ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በዓመት 62 ታለር (የዚያን ጊዜ የጀርመኖች ገንዘብ) የሚከፈልበት የረዳት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛነት ያዘ። የሚፈልገውን የሎጂክና የሜታፊዚክስ (ስለ ህላዌ መሠረት የሚመረምረው የፍልስፍና ዘርፍ) ወንበር ያገኘው በ1770፣ 46 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን ሳስብ ዛሬም ልቤ ይነካል። በ1772 ለቀድሞ ተማሪው ለማርኩስ ሄርዝ በጻፈው ደብዳቤ፣ የያዘውን ሥራ በሦስት ወር ገደማ አደርሰዋለሁ ብሎ ነበር፤ የፈጀበት ግን ዘጠኝ ዓመት ነው። ያ ሥራ፣ የሰው እውቀት ወሰኑ የት እንደሆነ የሚመረምረው «የንጹሕ አመክንዮ ሂስ»፣ በ1781 ሲታተም ካንት 57 ዓመቱ ነበር። አንባቢዎች ከበዳቸው፤ በ1782 የወጣው ግምገማም ሐሳቡን አዛብቶ አቀረበበት። ካንት በዚህ ቢቆጣም በ1783 አጠር ያለ ማብራሪያ ጻፈ፤ በ1787 ደግሞ ዋናውን መጽሐፍ ብዙ ቦታ ላይ አርሞ እንደገና አሳተመው።

እኛ አፍሪካውያን ስናነበው ልናልፈው የማይገባን ነገርም አለ። ከተወለደበት አውራጃ ርቆ ያልሄደው ይህ ሰው በ1764 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የስኮትላንዳዊውን ፈላስፋ የዴቪድ ሂዩምን ቃል ተውሶ ስለ ጥቁር ሕዝቦች የሚያሳፍር ነገር ጽፏል፤ ከመንገደኞች ጽሑፍ ያገኘውን የአንድ አናጢ ንግግር እንኳ የሰውየውን ጥቁረት ማስረጃ አድርጎ ከንቱ ነው ብሎታል። በ1784 ስለ አብርሆት፣ ማለትም በአእምሮ ብርሃን ስለ መመራት፣ በጻፈው ጽሑፍ ሰው በራሱ አእምሮ ለመጠቀም እንዲደፍር ያሳሰበውም ይኸው ካንት ነው። የእውቀትን ወሰን ለመመርመር ከአሥር ዓመት በላይ የታገሠ አእምሮ ስለ እኛ ሲሆን ወሬ በቃው። ይህ ያሳዝነኛል፤ ላለባብሰውም አልፈልግም።

ክፍል ውስጥ ሁለቱን ጽሑፎች በአንድ ቀን አስነብብ ነበር። አንድ ጊዜ ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ መጽሐፉን ዘግቶ «ታዲያ ይህን ሰው ለምን እንማራለን?» አለኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ። መልስ ምላሴ ላይ ነበረ፤ ነገር ግን ያ ልጅ ከእኔ በተቀበለው መልስ ረክቶ እንዲሄድ ስላልፈለግሁ «ጥያቄህን ጻፈውና አምጣልኝ፤ አትቸኩል» አልሁት። ሁለት ሳምንት ይበቃኛል ብሎኝ ነበር። በስምንተኛው ወር፣ ጠርዙ የተጣጠፈ፣ ሦስት ጊዜ ተሰርዞ የተጻፈ ወረቀት ይዞ ቢሮዬ መጣ፤ የመመረቂያ ጽሑፉም እሱው ሆነ።