ገመዱን ለምን ፈታው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ፊልም

ጥያቄ፦ ሰባት ኦስካር ያገኘ ነው ተብዬ «ግራቪቲ»ን አየሁት። ጠፈርተኛው ጆርጅ ክሉኒ ባልደረባውን ሳንድራ ቡሎክን ለማትረፍ ራሱን ከገመዱ ፈትቶ ወደ ጠፈሩ ጨለማ ሲሄድ ቤተሰቡ ሁሉ አለቀሰ። እኔ ግን «ማን ሳበው?» አልኩ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ? *አንባቢ፣ ከሐዋሳ*

መልስ፦ አልተሳሳቱም። ምህዋር ላይ ያለ ሰው ከጣቢያው ጋር እኩል እየወደቀ ስለሆነ ገደል ላይ እንደተንጠለጠለ ሰው ወደ ታች የሚጎትተው ነገር የለም። ገመዱ ተወጥሮ ሁለቱንም ካስቆማቸው በኋላ ክሉኒን ወደ ውጭ የሚወስደው ኃይል አልቋል። እንዲያውም የተወጠረ ገመድ መልሶ ስለሚሰበሰብ ቀስ እያለ ወደ ቡሎክ ይመጣ ነበር፤ በሁለት ጣት ሳብ ብታደርገው በቂ ነው። የፊልሙ ጠበቆች «ጣቢያው እየዞረ ስለነበር ነው» ይላሉ። ሰው የሚያስወነጭፍ ዙረት ቢኖር ግን ከጀርባቸው ምድር ስትሽከረከር መታየት ነበረባት። ትዕይንቱን ማዳን ይቻል ነበር፦ ገና ሳይቆሙ፣ ገመዱ ከእግሯ እየተንሸራተተ ሳለ ራሱን ቢፈታ ፊዚክሱም ልቅሶውም ይስማሙ ነበር።

ከሃብል ቴሌስኮፕ ወደ ጠፈር ጣቢያው የተደረገው ጉዞ በቁጥር ሲታይ ከዚህም የባሰ ነው። ፊልሙ ሲወጣ (እ.ኤ.አ. በ2013) ሃብል 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ምህዋሩ ከምድር ወገብ 28.5 ዲግሪ አዘንብሎ ይዞር ነበር። ጣቢያው ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ 51.6 ዲግሪ አዘንብሎ። ከከፍታው ይልቅ የሚከብደው ዝንባሌው ነው። በሰከንድ 7.6 ኪሎ ሜትር እየበረሩ አቅጣጫን 23 ዲግሪ ለማጠፍ፣ ቢያንስ በሰከንድ 3 ኪሎ ሜትር የፍጥነት ለውጥ ይጠይቃል። ናሳ እ.ኤ.አ. በ1984 የተጠቀመበት በጀርባ የሚታዘል መብረሪያ ናይትሮጅኑን አሟጦ የሚሰጠው በሰከንድ 25 ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። ይህን ግን ይቅር እንላለን፤ ጣቢያው ካልቀረበ ፊልሙ ራሱ የለም። ሳንድራ ቡሎክ የጠፈር ልብሱን ስታወልቅ በቁምጣ መታየቷም እንደዚያው ይታለፍ። እውነተኛዋ ጠፈርተኛ ከሥር የምትለብሰው 90 ሜትር ያህል ቀጭን የውኃ ቱቦ የተሰካካበት ማቀዝቀዣ ልብስና ዳይፐር ነው፤ ለፖስተር አይሆንም። ገመዱ የማይታለፈው አንድ ሰው የሞተው በእሱ ምክንያት ስለሆነ ነው።

ኦስካሮቹንም ዘርዝረው ይዩ፦ ዳይሬክቲንግ፣ ቀረጻ፣ ኤዲቲንግ፣ ሙዚቃ፣ ሁለት የድምፅ ሽልማቶችና ቪዥዋል ኤፌክት። በስክሪፕት ዕጩ እንኳ አልነበረም።

ጥያቄ፦ «ታይታኒክ» ላይ ጃክ የሞተው ፍቅረኛው ሮዝ የተረፈችበት ሳንቃ ላይ ቦታ እያለ ነው ብለን ከጓደኞቼ ጋር መከራከር ከጀመርን ዓመታት አለፉ። ፍረዱን። *አንባቢ፣ ከደሴ*

መልስ፦ ቦታውን ተዉትና ውፍረቱን ለኩ። አንድ ሊትር የኦክ እንጨት 0.7 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ አንድ ሊትር የባሕር ውኃ ደግሞ 1.03። ስለዚህ እያንዳንዱ ሊትር እንጨት የሚሸከመው ትርፍ ክብደት ከኪሎ ሲሶ አይበልጥም። በድምሩ 130 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሰዎችን ከውኃ በላይ ለመያዝ 400 ሊትር እንጨት ያስፈልጋል፤ ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ሳንቃ ቢሆን ውፍረቱ 20 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት ማለት ነው። ያ ሳንቃ ሳይሆን ግንድ ነው። ጃክም ለመውጣት ሞክሮ ሳንቃው ሲያዘነብል ፊልሙ ላይ ይታያል።

የሮዝን የሕይወት ጃኬት ከሳንቃው ሥር ማሰር ይረዳ ነበር የሚለው ክርክር ያስኬዳል፤ ፈተናው ጊዜው ነው። ወደ −2 ዲግሪ በሚጠጋ ውኃ ውስጥ የመጀመሪያው ደቂቃ ትንፋሽን በማረጋጋት ያልቃል። ጣቶች የሚታዘዙት 10 ደቂቃ ያህል ነው፤ ሰው ራሱን ሳይስት የሚቆየው አንድ ሰዓት ገደማ። ቋጠሮው በነዚያ 10 ደቂቃዎች ካልታሰረ አይታሰርም። ዳይሬክተሩ ጄምስ ካሜሮን እ.ኤ.አ. በ2023 ባሳየው ሙከራ፣ ሁለቱም ደረታቸውን ከውኃ አውጥተው ሊቆዩ የሚችሉበት አቀማመጥ ተገኝቷል። እንግዲህ «ቦታ ነበር» የሚሉት ግማሽ ነጥብ አላቸው።

ጥያቄ፦ «ዘ ማርሺያን» ላይ ያለው የማርስ የነፋስ ማዕበል እውነት ሮኬት ይጥላል? *አንባቢ፣ ከአዳማ*

መልስ፦ አይጥልም። የማርስ አየር ከእኛው በ60 እጥፍ ገደማ የሳሳ ነው። እዚያ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ የሚገፋው፣ እዚህ በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር የሚነፍሰውን ያህል ነው፤ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ቢያወዛውዝ ነው። ፊልሙ የተሠራበትን ልብ ወለድ የጻፈው አንዲ ዌር ይህን እያወቀ እንዳደረገው በይፋ ተናግሯል። ማርስ ላይ ብቻውን የቀረው ጠፈርተኛ ዋትኒ የሚዘራው ድንች ግን ሌላ ጥያቄ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2008 ፊኒክስ የተባለችው መንኮራኩር የማርስ አፈር ውስጥ ፐርክሎሬት አግኝታለች፤ ታይሮይድን የሚያውክ ጨው ነው። በውኃ ስለሚሟሟ አፈሩን ደጋግሞ በማጠብ ይወጣል፤ ያጠቡበት ውኃ ግን ሳይጣራ አይጠጣም። ዋትኒ ሲዘራ እንጂ አፈር ሲያጥብ አላየነውም።