የተሻለ ቴክኖሎጂ እስኪመጣ እንጠብቅ?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ። የሁለት ዓመት ተኩል ሴት ልጅ አለችን። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ማጅራት ገትር ይዟት ሆስፒታል ተኝታ ነበር። በፈጣሪ ቸርነት ተረፈች፤ ከዚያ ወዲህ ግን ስሟን ስንጠራት አትዞርም፣ የለመደቻቸውንም ቃላት እየተወች ነው። ሐኪሙ ሁለቱም ጆሮዎቿ መስማት እንዳቆሙና ተራው የመስሚያ መርጃ መሣሪያ እንደማይጠቅማት ገልጾልን፣ ኮክሊያር ኢምፕላንት ስለሚባል በቀዶ ሕክምና የሚገጠም መሣሪያ ነገረን። ባለቤቴ አንጎል ውስጥ ስለሚተከሉ መሣሪያዎችና ስለ ዘረመል ሕክምና የሚወጡትን ዜናዎች ይከታተላል። «የሰው ልጅ የተፈጥሮን ወሰን ሊሻገር የቀረው ጥቂት ነው፤ በአሮጌ ቴክኖሎጂ ጭንቅላቷን ከምናስነካ አምስት ዓመት ብንጠብቅ ይሻላል» ይላል። መሣሪያው እንደ እኛ ያሰማታል? ብንጠብቅስ ምን እናጣለን?
አንዲት እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ እንኳን ልጅዎን ማረልዎ። የባለቤትዎ ሐሳብ ከልጅ ፍቅር የመነጨ መሆኑ ይገባኛል፤ ሆኖም በልጅዎ ሁኔታ መጠበቅ ከምርጫዎቹ ሁሉ የከፋው ነው።

በውስጠኛው ጆሮ ኮክሊያ የሚባል ጥምዝ አካል አለ። በውስጡ የተደረደሩ 15,000 ያህል ፀጉር መሰል ሴሎች የድምፅን ንዝረት ወደ ነርቭ መልእክት ይለውጣሉ፤ በሰው ላይ አንዴ ከሞቱ ግን አይተኩም። ድምፅ የሚያጎላ መሣሪያ ለልጅዎ የማይጠቅመው የጎላውን ድምፅ የሚቀበል ሴል ስለሌለ ነው። ኮክሊያር ኢምፕላንት እነዚህን ሴሎች አልፎ የመስማት ነርቭን በቀጥታ በኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል። ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠለው ክፍል ድምፁን በማይክሮፎን ተቀብሎ ይተነትናል፤ በማግኔት ራስ ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ክብ ማስተላለፊያ መልእክቱንም ኃይሉንም በሬዲዮ ሞገድ ወደ ውስጥ ይልካል፤ ከቆዳ ሥር ያለው ተቀባይ ደግሞ ኮክሊያ ውስጥ በገባ ቀጭን ሽቦ ላይ ለተደረደሩት ኤሌክትሮዶች፣ ማለትም ነርቩን በኤሌክትሪክ ለሚነኩት ጥቃቅን ነጥቦች፣ ያደርሰዋል። ቀዶ ሕክምናው የሚያልፈው ከጆሮ ጀርባ ባለው አጥንት በኩል ስለሆነ መሣሪያው አንጎል ውስጥ አይገባም።

እንደ እኛ ያሰማታል ወይ ላሉት፣ አያሰማትም። ኤሌክትሮዶቹ እንደየሥሪቱ ከ12 እስከ 22 ብቻ ናቸው፤ የሺዎችን ሴሎች ሥራ በሙሉ ሊተኩ አይችሉም። ካደጉ በኋላ መስማት ያጡና መሣሪያው የተገጠመላቸው ሰዎች የመጀመሪያዎቹን ቀናት ድምፅ ከሰው ይልቅ ለማሽን የቀረበ እንደነበር ይናገራሉ። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ንግግርን መከታተል ለብዙዎቹ የሚቻል ሲሆን፣ ጫጫታ ባለበት ቦታ መስማትና የዜማን ከፍታና ዝቅታ መለየት ግን ይከብዳቸዋል። ማታ የውጩ ክፍል ሲወልቅ ምንም አይሰማም። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም፤ በዚህ ስስ መልእክት ብቻ ንግግር የለመዱ፣ መደበኛ ትምህርት ቤት ገብተው የተማሩ ልጆች በብዙ አገሮች አሉ። ይህን ያስቻለው ከመሣሪያው ይልቅ ያንን ስስ መልእክት ተርጉሞ መጠቀም የሚማረው የሕፃን አንጎል ነው።

መሣሪያው «አሮጌ» መባሉንም አልቀበልም። እ.ኤ.አ. በ1957 ፓሪስ ውስጥ አንድሬ ዡርኖ እና ሻርል ኤሪየስ የመጀመሪያውን ሙከራ ሲያደርጉ ታካሚው የድምፅ ምት ከመለየት አልፎ ንግግር መረዳት አልቻለም። ግሬም ክላርክ፣ አባቱ መስማት ይቸግራቸው የነበረ አውስትራሊያዊ ሐኪም፣ በ1978 ሜልበርን ላይ ባለ ብዙ ኤሌክትሮዱን መሣሪያ ገጠመ። በአሜሪካ ለአዋቂዎች በ1984፣ ለሕፃናት ደግሞ በ1990 ተፈቀደ። ድምፁን የሚተነትነው የውጩ ክፍል ከጊዜ በኋላ በተሻለ ሲተካ አብዛኛውን ጊዜ ዳግም ቀዶ ሕክምና አያስፈልግም። ስለዚህ ዛሬ ማስገጠም የነገውን መሻሻል ጨርሶ መተው አይደለም።

ጊዜው ለምን ያስቸኩላል? መስማት ተስኗቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከሦስት ዓመት ተኩል በፊት መሣሪያው የተገጠመላቸው ልጆች አንጎል ለድምፅ የሚሰጠው ምላሽ ከሚሰሙ እኩዮቻቸው ጋር እንደሚቀራረብ፣ ከሰባት ዓመት በኋላ ግን ይህ እምብዛም እንደማይሆን አሳይተዋል። ልጅዎ እስክትታመም ድረስ ትሰማ ስለነበር በጎ መነሻ አላት። አምስት ዓመት ከተጠበቀ ግን ሰባት ዓመት ተኩል ይሆናታል። ከዚህ የሚብሰው ሁለተኛው ምክንያት ነው። ከማጅራት ገትር በኋላ በፈሳሽ የተሞላው የኮክሊያ ክፍተት በጠባሳ ሊደፈንና ቀስ በቀስ ወደ አጥንትነት ሊለወጥ ይችላል፤ ይህም በሳምንታት ውስጥ ሊጀምር ይችላል። አጥንት ከሆነ ኤሌክትሮዱን ማስገባት እጅግ ይከብዳል፣ አንዳንዴም አይቻልም። ስለዚህ ሐኪምዎ ኤምአርአይ ወይም ሲቲ ስካን እንዲያዝላት ሳይውሉ ሳያድሩ ይጠይቁ።

ባለቤትዎ የሚከታተሉት ዜና ሐሰት አይደለም። በ2024 መጀመሪያ ላይ የታተመ የሻንጋይ ጥናት የዘረመል ሕክምና ከተሰጣቸው ስድስት ሕፃናት አምስቱ መስማት መጀመራቸውን አስነብቧል፤ ነገር ግን ሕክምናው የሚያርመው ኦቶፈርሊን የሚባለውን ፕሮቲን የሚሠራውን ጂን ጉድለት ስለሆነ በበሽታ ለሞቱ ሴሎች አይሆንም። በዚያው ዓመት ጥር ወር ኒውራሊንክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ መሣሪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው አንጎል ውስጥ ተከለ፤ አካሉ የማይንቀሳቀሰው ወጣት የኮምፒውተርን ቀስት በሐሳቡ ማዘዝ ቻለ፤ በኋላ ግን ከቀጫጭን ሽቦዎቹ አንዳንዶቹ ከቦታቸው ተንሸራተቱ። ይህ የሚያስደንቅ ጅምር ነው፤ ለልጅዎ ጆሮ ግን መልስ የለውም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው ክትትል ነው። አርገስ ሁለት የተባለው ለዓይነ ስውራን የተሠራ መሣሪያ በ2013 በአሜሪካ ተፈቅዶ ነበር፤ አምራቹ በ2019 ማምረቱን ሲያቆም መሣሪያው ዓይናቸው ውስጥ ያለ ሰዎች ጠጋኝ አጡ። ስለዚህ አገር ውስጥም ሆነ ውጭ አገር ቢያስገጥሙ፣ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት መሣሪያውን በየጊዜው የሚቃኘው ባለሙያ ማን እንደሆነ፣ ባትሪና ገመድ ከየት እንደሚገኝ፣ የውጩ ክፍል ቢበላሽ ማን እንደሚተካው በጽሑፍ መልስ ይቀበሉ። የንግግር ሕክምናው ዓመታት ይወስዳል፤ ለቀዶ ሕክምናው ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ይዞ መነሳት አይመከርም።

እስከዚያው ልጅዎ ያለ ቋንቋ መቆየት የለባትም። የምልክት ቋንቋ ንግግሯን ያዘገየዋል የሚሉ ይኖራሉ፤ እኔ ግን አንድ ሕፃን ከእናቱ ጋር የሚግባባበት ቋንቋ ለአንድ ቀን እንኳ እንዲጎድልበት አልመክርም። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ የሚሰጥ ሙሉ ቋንቋ ነው፤ እርስዎና ባለቤትዎ አብራችሁ ብትጀምሩት መልካም ነው።

መሣሪያው የተገጠመላቸው ሰዎች ለማጅራት ገትር ያላቸው ተጋላጭነት ከፍ ያለ ስለሆነ ማጅራት ገትር ከሚያመጡ ባክቴሪያዎች አንዱን የሚከላከለው የኒሞኮካል ክትባቷ የተሟላ መሆኑ ከቀዶ ሕክምናው በፊት መረጋገጥ አለበት። ወደ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ስፔሻሊስት ሲሄዱ የክትባት ካርዷንና ሆስፒታል ተኝታ ስትወጣ የተሰጣችሁን ወረቀት ይያዙ፤ የታመመችበት ቀን እዚያ ላይ ስለተጻፈ ሐኪሙ ምን ያህል መቸኮል እንዳለበት የሚወስነው በእሱ ነው።