ካርታው በማን ስም ነው?

ልጆቼ፣ በተለይ ሥራ የጀመራችሁና ትዳር የምታስቡ፣

የቤተሰብ ክርክር ይዤ ፍርድ ቤት ስመላለስ ዕድሜዬ ገፍቷል። ስለ ሴቶች እኩልነት ብዙ ንግግር ሰምታችኋል፤ እኔ የምነግራችሁ ስለ ካርታ፣ ስለ ውክልናና ስለ ባንክ ደብተር ነው። ቢሮዬ ከመጡት ሴቶች አብዛኞቹ ሕጉ ከጎናቸው ነበር፤ የሚያሳዩት ማስረጃ ግን በእጃቸው አልነበረም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎት ነበር፤ ሚስት እንድትታዘዘው ያዛል፤ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድትዳርም ይፈቅዳል። ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. በአንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት ከደነገገ በኋላም ይኸው ሕግ ለዓመታት ሲሠራበት ቆየ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ሲወጣ ማንም በችሮታ አልሰጠንም። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን የመሳሰሉ ወትውተው፣ ተከራክረው ያመጡት ነው። ብዙዎቹ ክልሎችም የየራሳቸውን አውጥተዋል።

በዚህ ሕግ ከጋብቻ በኋላ የተፈራ ንብረት፣ በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም፣ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ የግሌ ነው የሚለው ወገን ያስረዳ። የጋራ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም፣ በመያዣም አይሰጥም። ሳታውቂ ከተሸጠ ማወቅሽን ተከትሎ ባለው ስድስት ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ደግሞ ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ፣ እንዲፈርስ መጠየቅ ትችያለሽ። ጊዜው ካለፈ ግን እውነት ይዘሽም ባዶ እጅሽን ትመለሻለሽ። ሳትጋቡ አብራችሁ የምትኖሩም ዕወቁ፤ ያፈራችሁት የጋራ የሚሆነው አብሮ መኖራችሁ ቢያንስ ሦስት ዓመት ከዘለቀ ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የአረብ አገር ልጆች ነገር ነው። አንዲት ሴት ቤሩት ሰው ቤት እየሠራች ደመወዟን ለወንድሟ ስትልክ ኖረች። በገንዘቧ ቤት ተገዛ፣ ሰርቪስ ተጨመረበት፤ ካርታው በወንድሟ ስም ወጣ። ስትመለስ በገዛ ቤቷ እንግዳ ሆነች። እኔ ዘንድ የመጣችው የሐዋላ ደረሰኞቿን በፌስታል ጠቅልላ ነበር። ግማሾቹ ቀለማቸው ለቅቆ አይነበቡም። የሚነበቡትም ገንዘብ መላኩን ይናገራሉ፤ ለምን እንደተላከ አንዳቸውም አይሉም። ወንድሟ ደግሞ «ለእናታችን ቀለብ ነው የላከችው» አለ። እንዲህ ያለውን ክርክር መርታት ምን ያህል እንደሚያደክም የያዘው ያውቀዋል።

ስለዚህ እህቶቼ፣ ገንዘባችሁን በራሳችሁ ስም በተከፈተ ሒሳብ አስቀምጡ። ቤት የሚገዛላችሁ ሰው ካስፈለገ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ በኩል ልዩ ውክልና ላኩ፤ ግዢው በእናንተ ስም እንደሚሆን በግልጽ ይጻፍበት። አገር ውስጥ ያላችሁም ለባላችሁ ውክልና ስትሰጡ «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በመያዣ እንዲያሲዝ» የሚሉትን ቃላት ሳታነቡ አትፈርሙ። የሰጣችሁትን ውክልና በማንኛውም ጊዜ መሻር መብታችሁ ነው።

«ስሜ ይግባ ብል ባሌን የማላምነው ይመስላል» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። ይሉኝታው ይገባኛል፤ እኔም በዚሁ አገር ነው ያደግኩት። ግን በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ብለው ያስተማሩን እነዚያው ይሉኝታ ያስተማሩን ወላጆች ናቸው። በአማራ ክልል ገጠር የመሬት ይዞታ ደብተር ሲሰጥ የባልና የሚስት ስም ከነፎቶግራፋቸው አብሮ ሰፍሯል። ባሏ የሞተባትን ገበሬ የባል ዘመዶች ከማሳዋ ሊያስለቅቁ ሲመጡ ፎቶዋ ያለበትን ደብተር ማውጣቷ ቀላል ነገር አይደለም። ከተሜዋ የተማረች ሴት ከእሷ ያነሰ ማስረጃ ይዛ ስትኖር ማየት ያሳዝነኛል።

ወንዶች ልጆቼ፣ ይህ የእናንተም ጉዳይ ነው። እህታችሁ የላከችው ገንዘብ የገዛውን ቤት በስሟ አስመዝግቡላት። እናታችሁ በአባታችሁ ስም ብቻ በተመዘገበ ቤት ውስጥ የምትኖር ከሆነም አባታችሁ በሕይወት ሳሉ ተነጋገሩበት፤ ከሞት በኋላ ወንድማማቾች ሲካሰሱ እናት በችሎት ፊት ስትቆም ማየት ከባድ ነው።

ለጠበቃ የሚከፈል ገንዘብ ባይኖራችሁ በየዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤት ያሉ ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትን ጠይቁ፤ የጠቀስኩት ማኅበርም ነጻ ምክር ይሰጣል። ስትሄዱ የጋብቻ ምስክር ወረቀታችሁንና ያላችሁን ደረሰኝ ሁሉ፣ ቀለሙ የለቀቀውንም ጭምር፣ ይዛችሁ ሂዱ።