ጋሼ፣ በየትኛው ፎርሙላ ነው የሚሠራው?

ሰሞኑን ዘጠነኛ ክፍል የምትማር የወንድሜ ልጅ የሒሳብ ወርክሺቷን ይዛ መጣች። ጥያቄውን አንብባ እንኳ ሳትጨርስ «ጋሼ፣ ይሄ በየትኛው ፎርሙላ ነው የሚሠራው?» አለችኝ። ጥያቄው ከባድ አልነበረም። ሐሳቤ ግን ስምንተኛ ክፍል ድረስ ይዞኝ ሄደ።

መምህራችን ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ጻፉ። በክብሪት እንጨት ካሬ እየሠራን በአንድ መስመር እንደረድራለን። አንድ ካሬ 4 እንጨት ይፈጃል። ሁለተኛው ከጎኑ ሲለጠፍ አንዱን ጎን ስለሚጋሩ በጠቅላላው 7 ይሆናል። ሦስት ካሬ ደግሞ 10። ታዲያ 100 ካሬ ስንት እንጨት ይፈልጋል?

ሁላችንም ደብተር ማገላበጥ ጀመርን። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ግን ከኪሱ ክብሪት አወጣና ዴስኩ ላይ ይደረድር ጀመር። ትንሽ አየና «አንዷን መጀመሪያ አቁማት። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ካሬ የሚፈልገው 3 ብቻ ነው። 300 እና ያቺ አንዷ» አለኝ በሹክሹክታ። 301 ብሎ ጻፈ። ልክ ነው።

መምህሩ መጡ። «ፎርሙላው የታለ?» ልጁ እንጨቶቹን አሳያቸው። ክብሪቱን በእጃቸው ጠርገው መሬት ላይ በተኑትና ዜሮ ሰጡት። ክፍሉ ሳቀ። «ልክ እኮ ነው» ብሎ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም፤ ያኔ ለመምህር መልስ መስጠት የሚታሰብ አልነበረም። ትንሽ ቆይተው ሰሌዳው ላይ «ሦስት ኤን ሲደመር አንድ» የሚለውን ጻፉ። ኤን የካሬዎቹ ብዛት ነው። ሦስቱ በየካሬው የሚጨመረው ነው። አንዱ መጀመሪያ የቆመችው እንጨት ናት። ልጁ ያለው እኮ ይህንኑ ነው!

ከዚያ ወዲህ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ እጁን ሲያወጣ አላየሁም። ማትሪክ ላይም ሒሳብ ወደቀ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ደግሞ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። ደብተር መግዣ ላጣ ልጅ ከኪሳቸው ይሰጡ ነበር።

እኔ መሐንዲስ ሆንኩ። የመጀመሪያ ሳይቴ ላይ ትምህርት ከአራተኛ ክፍል ያላለፈ ካቦ ነበር። የቤት መሠረት ሲያወጣ ከጥጉ ተነስቶ በአንዱ ሲባጎ 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ላይ ምልክት ያደርጋል። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ልክ 5 ሜትር ከመጣ «እስኳድራ ነው» ይላል። ማዕዘኑ 90 ዲግሪ ሆነ ማለት ነው። አልበቃ ሲለው ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ሁለቱንም ይለካል። እኩል ካልሆኑ ሲባጎው ይነቀላል። ይህ ሕግ በስሙ የሚጠራው ፓይታጎረስ ማን እንደሆነ አያውቅም። እኔ አውቅ ነበር፤ የተዛባ ጥግ ግን በዓይኑ ቀድሞኝ ያይ ነበር።

ዛሬ እናንተ ተማሪዎች ጥያቄውን በስልክ ፎቶ ታነሳላችሁ፣ ስልኩ እስከ ስቴፑ ይፈታዋል። እናንተም ገልብጣችሁ ትሄዳላችሁ። ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር ሰው ሁሉ በተማሪው ላይ ዘመተ። እኔም ትንሽ አማሁ፣ አልዋሽም። ግን ዴስክ ላይ የተጠረገው ክብሪትም ትዝ አለኝ።

እስቲ ይህችን ሞክሩ። 3 ሲደመር 4 በቅንፍ፣ ከዚያ ስኩዌር። ብዙ ልጅ 9 እና 16 ደምሮ 25 ይላል። 7 በ7 የሆነ ካሬ ሳሉ። ጎኖቹን 3 እና 4 አድርጋችሁ ከፋፍሉና አስምሩ። በስፋት አንድ ባለ 9 ካሬ፣ አንድ ባለ 16 ካሬ፣ ሁለት ደግሞ ባለ 12 አራት ማዕዘኖች ይወጣሉ። በጠቅላላው 49። ሁለቱን 12ቶች በዓይኑ ያየ ልጅ፣ ቁጥሩ በኤክስና በዋይ ሲተካም አይረሳቸውም።

አትሸምድዱ እያልኩ ነው መሰለኝ። የማባዛት ሰንጠረዥን ግን ሸምድዱ። ሰባት ስምንት ስንት ነው ሲባል ካልኩሌተር የሚፈልግ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ያናድደኛል።

ፈተና ላይ ደግሞ ጥያቄው ኤክስን አውጡ ካለና ምርጫዎቹ ከተደረደሩላችሁ፣ ሁልጊዜ ከእኩልታው ጋር አትታገሉ። ምርጫዎቹን አንድ በአንድ እያስገባችሁ ሞክሩ። ከመካከለኛው ቁጥር ጀምሩ፤ መልሱ ከበዛ ወይም ካነሰ ወዴት መሄድ እንዳለባችሁ ብዙ ጊዜ እሱ ይጠቁማችኋል። መምህሮቼ ቢሰሙ ይታዘቡኛል፤ ሰዓት ግን ይቆጥባል።